ግንባሩን የተቀባው ሳጥን

የምተዳደረው የሰው ልፋት ላይ አቧራ በመንፋትና ውሃ በመልቀቅ ነው። በደቡብ ሕንዷ ከተማችን በኮይምባቶር ውስጥ ሞተር የማይሠራ ወይም ፓምፕ የማይገጥም ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ሁሉም ሠርተው ሲጨርሱ ዕቃቸውን ታቅፈው ወደኛ ቤተ ሙከራ ይመጣሉ። እኔ ተቀብዬ የመስታወት በር ባለው ትልቅ ማሽን ውስጥ እከተዋለሁ፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ እንደ ሕፃን ፓውደር የላመ ዱቄት አስነፋበታለሁ። ከዚያ አውጥቼ ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ በቱቦ ውሃ እገርፈዋለሁ። ከዚያ ከፍቼ አያለሁ። ውስጡ ንጹህና ደረቅ ከሆነ አልፏል፤ ካልሆነ ወድቋል። አሥራ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ዕቃቸው ሲወድቅ እንደ ምቀኛ የሚያዩኝ ብዙ ናቸው። አንዱማ እንዲህ ያለ ዝናብ በሰማይም የለም ብሎ ተቆጥቶኛል። ሄዶ ለሰማይ ይንገር።

አያ ናቺሙቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አጥቁረውብኝ አያውቁም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ላሜራ ሲቆርጡ ኖረው ጣቶቻቸው የተጣመሙ ሽማግሌ ናቸው። የሚሠሩት የጉድጓድ ፓምፕ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሳጥን ነው፤ ገበሬው ማሳው ዳር ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ቁልፉን እየተጫነ ውሃውን የሚያስነሳበት። ክዳኑ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለችው፤ ገበሬው ሳይከፍተው ውስጥ ያለውን ጠቋሚ መርፌ የሚያይባት።

ባለቤታቸው ራሳታል ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሞተችው እንዲህ ያለ ሳጥን ነክታ ነው። ውሃ ገብቶበት ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እሳቸው ግን በአፋቸው አንስተውት አያውቁም። እሷ ከሞተች በኋላ የወፍጮ መለዋወጫ መሥራታቸውን ትተው ሳጥን ብቻ ይሠሩ ጀመር። ፈተናውን ሳያልፍ ደግሞ አንድም ሳጥን ከደጃቸው እንዳይወጣ ማሉ። በመጀመሪያው ፈተና አቧራ በገመዱ መግቢያ በኩል ገባ። በሁለተኛው ውሃ በመስኮቷ ጠርዝ ሰረገ። ሁለቱንም ጊዜ የገባውን በጣታቸው ነካ አድርገው አዩና፣ ጥሩ ነው፣ አሁን አወቅነው ብለው ሳጥናቸውን ታቅፈው ሄዱ።

ሦስተኛውን ሲያመጡ የጥቅምቱ ዝናብ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። መንደራቸው ውስጥ አርባ ጉድጓድ አለ፤ አርባው ላይም የተሰቀለው ያው ዝገት የበላው አሮጌ ቆርቆሮ ነው። ሰዉ አዲሱን ከሳቸው እጅ ሊወስድ እየጠበቀ ነበር። ሲያስረክቡኝ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዝናቡ እንዳይቀድመን ዓይኔ።»

በማግስቱ የመሣሪያዎች በዓል ዋለ። በዚያን ቀን በከተማችን የሚዞር ሞተር የለም፤ ሠራተኛውም መሣሪያውም ያርፋል። ማሽኖቹን አጥበን አበባ አሰርንላቸው፤ በሩ ግራና ቀኝ የሙዝ ተክል አቆምን። ግንባራቸውን የምቀባው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ስሜን ጠርተው የቫዲቩ እጅ ገድ አለው እያሉ ጣሉብኝ፤ መቼም ሰው ላይ ሥራ የሚጣለው እየተሞገሰ ነው። በሳህን ቢጫ የሰንደል እንጨት ልውስና ቀይ ዱቄት ይዤ ከአቧራ ማሽኑ ጀመርኩ። የውሃ ቱቦውን፣ አየር መሳቢያውን፣ ኮምፒዩተሩን፣ የአለቃዬን ሞተር ሳይክል፣ ሻይ ማፍያውን ሳይቀር ቀባሁ። ለእያንዳንዱ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቢጫ፣ በላይዋ ቀይ ነጥብ።

ጠረጴዛው ላይ የአያ ናቺሙቱ ሳጥን ተቀምጧል። እሱንስ ለምን ልተወው? በበዓል ቀን ግንባሩን ባዶ ማየት አስከፋኝ። እንዲያውም ለሱ የሽምብራ ፍሬ አልበቃ አለኝ። እባክህ እኚህን ሽማግሌ አታሳፍራቸው እያልኩ በአውራ ጣቴ ሙሉ ዝቄ፣ ክዳኑ ከላይ ከሳጥኑ ጋር በሚገጥምበት መሐል ላይ ጠቅጥቄ ለጠፍኩለት። ቀዩንም ጨመርኩበት። ከዚያ አለቃችን ቲሩሞርቲ ክፉ ዓይን እንዲርቅ ደጃፉ ላይ ነጩን ዱባ ፈጠፈጡ፤ የፈነዳ ሩዝ ከተቆላ ሽምብራ ጋር ዘግነን ወደየቤታችን ሄድን።

ከበዓሉ ማግስት ያለው ቀን ሥራ ለመጀመር መልካም ነው ስለሚባል አያ ናቺሙቱ ፈተናው በዚያን ቀን እንዲሆን ለምነውኝ ነበር። ገና ጠዋት በአሥራ ሦስት ደቂቃ ቀደሙኝ፤ ምሳቸውን በቆርቆሮ ሳህን ቋጥረው ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሳጥኑን ገና በተረከብኩት ዕለት ከፍቼ፣ የገባ ዱቄት በግልጽ እንዲታይ ውስጡ ጥቁር ወረቀት አንጥፌ ዘግቼው ነበር። እንደተዘጋ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። የአየር መሳቢያውን ቀጭን ቱቦ ሰካሁበት፤ እሱ ከውስጥ አየሩን ሲስብ፣ ቀዳዳ ካለ ዱቄቱ ወደዚያ ይሮጣል። ደንቡ እንደሚያዘው ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ማሽኑን አስነሳሁ።

ስምንት ሰዓቱ አልቆ፣ የውሃውም ሦስት ደቂቃ አልቆ ክዳኑን ከፈትኩ። ወረቀቱ እንዳነጠፍኩት ጥቁር ነው። በጨርቅ ውስጡን ዞርኩበት፤ ጨርቁ ደረቅ ነው። አያ ናቺሙቱን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ከትከሻቸው ላይ ፎጣቸውን አውርደው ፊታቸውን ጠረጉበት፤ ላብ አልነበራቸውም። ነገ ጠዋት መጥቼ የማለፊያውን ወረቀት እወስዳለሁ አሉ፤ መንደር ደውለው ላሜራ መቁረጥ ይጀመር ብለው ሲያዙም ሰማሁ። ቲሩሞርቲ የዚያኑ ዕለት ፈረሙበት። እኔም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ከሥራ የወጣሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን አስውቤ ላስረክባቸው ብዬ በእርጥብ ጨርቅ እወለውለው ጀመር። ግንባሩ ላይ የቀባሁት ልውስ የለም፤ ውሃው አጥቦት ሄዷል። በመጋጠሚያው ውስጥ ግን ቢጫ ነገር አየሁ። በጥፍሬ ነካ ባደርገው ከዱቄቱ ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ የደረቀ ቁራጭ ተላቆ መዳፌ ላይ ወደቀ። ካለበት ቦታ በስተጀርባ ክዳኑን የሚያሽገው ጎማ አለ። ዙሪያውን የሚዞር አንድ ወጥ ጎማ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ የሚገናኙት ልክ እዚያ መሐል ላይ ነው። ማጣበቂያው ለቆ ጫፎቹ ተራርቀዋል። ጥፍሬ ገባ።

ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ፎቶውን አየሁት። ሳጥኑ እንደ ሙሽራ ግንባሩን ተቀብቶ ተቀምጧል፤ ቢጫው ከክዳኑም ከሳጥኑም ላይ መጋጠሚያውን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቲሩሞርቲ አይተውታል፣ ፈርመውበታል። ሁለታችንም አላየነውም፤ በዚያ ሳምንት በከተማው ያልተቀባ ነገር ስለሌለ ዓይናችን ባዶ ግንባር ቢያይ ኖሮ ነበር የሚደነግጠው። አየር መሳቢያው ልውሱን ወደ ውስጥ ሳበው፤ ዱቄቱ ከላይ አጠበቀው፤ ውሃው ሦስት ደቂቃ ሊያስለቅቀው አልቻለም። ስምንት ሰዓት የፈተንኩት ሳጥኑን ሳይሆን የራሴን አውራ ጣት ነበር።

እውነቱን ልናገርና የመጀመሪያው ሐሳቤ ቁራጩን ወደ ቆሻሻ መጣያ መጣል ነበር። ማን ያየኛል? ጎማውን ራሴ ባጣብቀው ምን አለበት? ከዚያ ግን የሚሠሩት አርባ ሳጥኖች ጎማ ሁሉ እንዲሁ ከላይ መሐሉ ላይ እንደሚገናኝ ትዝ አለኝ፤ የሳቸው አሠራር ነው። አርባውን እየዞርኩ ላጣብቅ ነው? ዝናብ ደግሞ የሚወርደው ከላይ ነው።

ቲሩሞርቲ ዘንድ ገብቼ ቁራጩን ወረቀታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ነገሩንም ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ሲፈሩ ግን ይቀልዳሉ።

«እና አንቺ የአምላክን እጅ ልትከሺው ነው?» አሉኝ።

እኔ ሳልስቅ ስቀር እሳቸውም ቀልዱን ተዉት። መነጽራቸውን አውልቀው እያጸዱ ያሉኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሳጥኑ ጉድለት ቢኖረውም አሁን ምሰሶ ላይ ካለው ቆርቆሮ አሥር እጅ ይሻላል አሉ። ወረቀቱን ብንቀማቸው ሽማግሌው በመሐላቸው ይጸናሉ፤ አንድም ሳጥን አይወጣም፤ ዝናቡ ይገባል፤ አርባ ቤተሰብ አሮጌውን ሲነካ ይከርማል። ጎማውን እንዲያስተካክሉ ለወደፊቱ ብንመክራቸውስ? አንድ ሰው ቢሞትብሽ በምን ይሆናል፣ ፈተና ባለፈው ሳጥን ወይስ ከደጅ ባልወጣው? ብለው ጠየቁኝ።

እኔ የተማርኩት ይህን አይደለም። የሚሻለውንና የሚብሰውን መመዘን የኔ ሥራ አይደለም፤ የኔ ሥራ ገባ ወይስ አልገባ የሚለውን ማየት ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ወረቀቱን ከመሳቢያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እሺ። ግን የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ። እኔ ያንን ፊት ማየት አልችልም።»

አያ ናቺሙቱ በሦስት ሰዓት መጡ። አዲስ የታጠበ ነጭ ሽርጥ አገልድመዋል፤ በቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ይዘዋል፤ ለኔ ነው። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አልተቀመጡም። ጣፋጩን ሳልቀበላቸው እንዲህ አልኩ።

«አያ፣ ሳጥኑ አላለፈም። እኔ ነኝ ያሳለፍኩት።»

ቁራጩን አሳየኋቸው። በበዓሉ ቀን የቀባሁትን፣ ለሌላው ሽምብራ ታህል ለሳቸው አውራ ጣት ሙሉ ማድረጌን፣ እንዲያልፉ ተመኝቼ እንደነበር፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስናገር ዕንባዬ መጣ፤ ያፈርኩት በዚህ ነው፤ ማልቀስ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። ጣፋጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። የተጣመመ ጣታቸውን መጋጠሚያው ላይ አስኬዱት። የሳቸውም ጥፍር ገባ።

«ድጋሚ ንፊበት።» አሉ።

አያ፣ ታይቷል እኮ፣ ምን ያደርግልናል ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ካላየሁት አላውቀውም አሉኝ። ግንባሩን አጥቤ አደረቅሁት፤ አዲስ ጥቁር ወረቀት አነጠፍኩ። እሳቸው የኒሙ ዛፍ ሥር ተመለሱ። ያ ስምንት ሰዓት በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሰዓቶች ሁሉ የረዘመ ነው። ማሽኑን ዘግቼ ዱቄቱ እስኪረጋ ጠበቅን፤ ከዚያ ክዳኑን እሳቸው ራሳቸው ከፈቱት።

ጥቁሩ ወረቀት ላይ፣ ልክ ከመጋጠሚያው በታች፣ ነጭ መስመር ወርዷል። ጣት የሚያህል ስፋት አለው፤ ከላይ እስከ ማብሪያው ድረስ ይደርሳል። ውሃ ቢሆን ኖሮ ያንኑ መንገድ ነበር የሚሄደው። አያ ናቺሙቱ ዱቄቱን በጣታቸው ነኩት። ጥሩ ነው፣ አሁን አወቅነው ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ጣታቸው ላይ ያለውን ነጭ እያዩ፣ ለኔ ይሁን ለሳጥኑ የሚናገሩት ሳይታወቅ እንዲህ አሉ።

«ያንን ሳጥን የቀባችው እሷ ነበረች።»

ራሳታልን ማለታቸው ነው።

«በዚሁ በዓል። ቀድሞ ከሞተሩ፣ ከዚያ ከማረሻው፣ መጨረሻ ከሳጥኑ። እሱን አብዝታ ነው የምትቀባው፤ ውሃ የሚሰጠን እሱ ነው ትላለች። በስምንተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ፓምፑን ላጥፋ ብላ ሄደች።» ጣታቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። «ስናነሳት ቀዩ ከሳጥኑ ግንባር ላይ ገና እየወረደ ነበር።»

የሰንደል ቁራጩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ላነሳው ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ይህን በሆዳቸው ይዘው፣ በየዓመቱ በዓል ሲመጣ መሣሪያው ሁሉ ሲቀባ እያዩ፣ እኔም ሳጥናቸውን ቀብቼ በፈተናው ጠዋት ግንባሩ አምሮበታል ስላቸው ፈገግ ብለው ነበር። ፈገግታቸውን አስታወስኩት። ሳጥኑን ሲታቀፉ ላግዛቸው ብዬ ብነሳ በእጃቸው መለሱኝ።

«ብትደብቂኝ ኖሮ ነበር የምቀየምሽ፤» አሉ በሩ ላይ ደርሰው። «ጣፋጩን ብዪው። ይበላሻል።»

በላሁት።

ቀኑን እቆጥር ጀመር። ጠዋት ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ሰማይን ሆነ። ቲሩሞርቲም ምንም ሳይሉ በመስኮት ወደ ተራራው አሻግረው ሲያዩ እይዛቸዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት ደመናው ከምዕራብ ተራሮች ላይ ወርዶ ከተማውን ሸፈነው፤ በማግስቱ መዝነብ ጀመረ። ቀደመን ማለት ነው። በአርባ ጉድጓድ ላይ ያ አሮጌ ቆርቆሮ እየራሰ ነው ብዬ ሳስብ፣ ልክ ነበርኩ ብዬ ራሴን ማጽናናት አቃተኝ። ልክ መሆን ዝናብ አያስቆምም።

አያ ናቺሙቱ በዚያው ዝናብ መጡ። ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ራሳቸው ግን ውሃ እየተንጠባጠበባቸው። ጎማውን አንድ ወጥ ክብ አድርገው አስወጥተውታል፤ የሚገናኝ ጫፍ የለውም። ክዳኑ ላይ ደግሞ ዝናቡን ወደ ጎን የሚመልስ ትንሽ ከንፈር ጨምረውለታል። መንደሩን ጠየቅኋቸው። ዝናቡ እስኪያባራ ፓምፕ የሚያስነሳ ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። ቤት ለቤት ዞረው የአርባውንም ጉድጓድ የኤሌክትሪክ መስመር በገዛ እጃቸው አቋርጠዋል፤ ማንም እንዳይነካ ለምነዋል። አንዳንዱ ሰድቧቸዋል፤ አንዱ ሽማግሌው ለየላቸው ብሏል። የሱንም ቢሆን አቋርጠውበታል።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ነፋሁበት። ውሃውን ሦስት ደቂቃ ሳይሆን አሥር ደቂቃ ለቀቅሁበት፤ ደንብ አይደለም፤ ግን ማን ይከለክለኛል? ከፈትነው። ወረቀቱ ጥቁር፣ ጨርቁ ደረቅ። ሁለታችንም ግንባሩን ደግመን አየን። ባዶ ነው። ቲሩሞርቲ ራሳቸው መጥተው አዩና እዚያው ቆመው ፈረሙ።

አያ ናቺሙቱ የማለፊያውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሳጥኑን ግን አላነሱትም። ከበዓሉ የተረፈ ሰንደልና ቀይ ዱቄት እንዳለኝ ጠየቁኝ። የሰማሁት ነገር አስደነገጠኝ።

«አያ፣ እኔ ሁለተኛ አልቀባም።»

«ትቀቢያለሽ።» ክዳኑን ከፍተው ከውስጥ በኩል አዞሩልኝ። ጠቋሚዋን መርፌ የሚያሳየውን መስኮት በጣታቸው ነኩት። «እዚህ። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ትንሽ ብቻ። ቀዩ ውሃ ካገኘው ይወርዳል። የገበሬ ሚስት ፈተና አታውቅም፤ ቀዩ መውረዱን ግን ከሩቅ ታያለች። ቀዩ ከወረደ እጇን አትሰድም።»

ሳህኑን አምጥቼ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቢጫ አኖርኩ፤ በላይዋ ቀይ ነጥብ። ክዳኑን ዘጉት። በመስኮቷ ውስጥ ቀዩ ደርቆ፣ ሙሉ ሆኖ ታየ። እሳቸው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው አዩት። አምስት እርምጃ ሄደው አዩት። ግድግዳው እስኪያስቆማቸው ድረስ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ አንዲት ሴት ከማሳዋ መጥታ እጇን ሳትዘረጋ ከምትቆምበት ቦታ ሆነው፣ አዩት።

«ይታያል፤» አሉ።